የጋሽ ተሰማ ሁለት ባስ

ዓሣ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ አይዟችሁ፤ እኔም ይዤ አላውቅም። የምነግራችሁ ዓሣ ላጠምድ ወጥቼ ሚስት ልታመልጠኝ የነበረበትን ቀን ነው። ነገሩ የሆነው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ሃምበር ወንዝ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት ዳርቻ፣ በረዶው ቀልጦ ብርዱ ግን አልሄድም ብሎ ድርቅ ባለበት አንድ የዓብይ ጾም ቅዳሜ ነው።

መጀመሪያ እኔ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ካናዳ የመጣሁት በሙያ ነው። ኖርዝ ዮርክ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ሌሎች የሠሩትን ሥራ እያየሁ ስህተት እለቅማለሁ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው። ችግሩ ከቢሮ ስወጣም አላቆምም ነበር። ብሉር ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ "ሜኑው ላይ ጥብስ የተጻፈው በጠ ሳይሆን በተ ነው" ብዬ ባለቤቷን ከጓዳ አስጠርቻለሁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የሟችን ዕድሜ አርሜያለሁ። እናቴ በስልክ "ልጄ፣ አንተ እኮ ቄሱን ሳይቀር ታርማለህ" ስትለኝ ያመሰገነችኝ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ጠባዬን ችላ የወደደችኝ ቤዛ ናት። እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ አሳምራ የምትሰማ፣ ስትናደድ ግን በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት። ለመጋባት ተስማማን። የቀሩት አባቷ ናቸው።

አባቷ ጋሽ ተሰማ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል አቋርጠው እዚህ ከገቡት ሰዎች አንዱ ናቸው። ዌስተን ውስጥ የአንድ ትልቅ አፓርትመንት የጥገና ኃላፊ ሆነው ኖረው ሪታየር አድርገዋል። ሁለት ነገር አይነካባቸውም፤ እንግሊዝኛቸውና ዓሣ አጥማጅነታቸው። ስለ እንግሊዝኛቸው "እኔ ስመጣ እኮ አስተርጓሚ የሚባል ነገር አልነበረም!" ይላሉ፤ በቃ፣ ክርክሩ አለቀ። ስለ ዓሣው ደግሞ ሪታየር ካደረጉ ወዲህ ስፕሪንግ በመጣ ቁጥር በየቅዳሜው ሐይቅ ይወርዳሉ፣ ሁለት ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ። ሁልጊዜ ሁለት፣ ሁልጊዜ ተጸድቶ ታጥቦ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውም ክርክር እሳቸው ቤት ድሮ ተዘግቷል። "ጌታ ሕዝቡን ያበላው በምንድን ነው? በክትፎ ነው እንዴ?" ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ወይንሸት ግን ይሠሩታል እንጂ አይቀምሱትም።

ሽማግሌ ልልክ መሆኑን ቤዛ ስትነግራቸው፣ "የሐዋሳ ልጅ ነው አይደል? ከሽማግሌው በፊት ቅዳሜ አብሮኝ ይውጣ። ሰው የሚታወቀው ውሃ ዳር ነው" አሏት። ወዲያው ኮል አደረገችልኝ።

"ቤዚ፣ እኔ እኮ አጥምጄ አላውቅም!" አልኳት።

"ሐዋሳ አይደል ያደግኸው?"

"ሐዋሳ ዓሣ ይበላል። የከተማው ሰው ሁሉ ያጠምዳል ያለሽ ማን ነው?"

"ሊስን፣ ባትይዝም ኦኬ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ፕሊስ፤ አባዬን እንዳታርመው። አንዴ ካረምከው ሽማግሌዎቹን በር ላይ ነው የሚመልሳቸው።"

በእናቴ ስም ማልኩላት። ግን ጠባይ የት ይኬዳል? ላይሰንስ ላወጣ ኢንተርኔት ገብቼ የኦንታርዮን የዓሣ ማጥመጃ ሕግ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ዌስተን ተገናኘን። መኪና አላቸው፤ እትዬ ወይንሸት ግን "የዓሣ ሽታ መኪናዬ ውስጥ አይገባም" ስላሉ የምንሄደው በባስ ነው። አንድ ባስ ይዘን ሰብዌይ ጣቢያው ጋ ወረድን። ሁለተኛውን ከመያዛችን በፊት ጋሽ ተሰማ ሰማያዊ ኩለራቸውን፣ ያቺን የዓሣ ማቀዝቀዣ ሣጥን፣ አንጠልጥለው "ትል ልግዛ፣ እዚሁ ጠብቀኝ" አሉና በጥጉ ታጠፉ። ሲመለሱ ኩለሩ ከብዷቸው ወደ አንድ ጎን አጋድለዋል።

"ጋሼ፣ ልያዝልዎት?"

"ተው፣ ተው! ትሉ ይረበሻል።"

ትል ሲረበሽ ሰምቼ አላውቅም። ግን መሐላዬ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ውሃው ዳር ስንደርስ ኩለሩ ላይ ተቀመጡበት። መንጠቆውን ወርውረው፣ ማዶውን በአገጫቸው እያሳዩ "ባሕር ማለት ይሄ ነው" አሉኝ።

"ሐይ..." ብዬ ጀምሬ ዋጥኩት።

"ምን አልክ?"

"ሃይ... ሃይለኛ ብርድ ነው አልኩ።"

"ጨው የለውም እንጂ ባሕር ነው። ማዶው ይታይሃል? አይታይህም። ማዶው የማይታይ ውሃ ባሕር ነው።"

"እዚህ የሚገኘው ምን ምን ዓይነት ዓሣ ነው?" አልኳቸው፣ ወሬ ለመቀየር።

"ምን ዓይነት? ዓሣ ነዋ! ለእያንዳንዱ ስም እያወጣ የሚያስቸግር ፈረንጅ ነው። ዓሣ ዓሣ ነው።"

እንዲህ ስንባባል ረፋዱ አለፈ። አንድም ዓሣ ዞር ብሎ ያየን የለም። እኔ ዘንጌን ይዤ እንደ ዘበኛ ቆሜ ጣቶቼ ደነዘዙ። በዚህ መሃል ነው የዩኒፎርም ጃኬት የለበሰች ወጣት ሴት በእግረኛ መንገዱ ወደ እኛ የመጣችው። የዓሣና የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪ ናት። ጋሽ ተሰማ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና "እንግሊዝኛውን ለእኔ ተወው" አሉኝ።

ተውኩላቸው። የእኔን ላይሰንስ አየች። እሳቸው በዕድሜያቸው ላይሰንስ ስለማያስፈልጋቸው መታወቂያቸውን አየች። ሁሉም ሰላም ነበር። አመስግና መሄድ ከጀመረች በኋላ ነው ዞር ብላ "ባስ ይዛችኋል?" ብላ የጠየቀችው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ባስ የሚባል ዓሣ አለ። በፈረንጅ ምላስ ከምንሳፈርበት ባስ ትንሽ ይለያል፤ በእኛ ጆሮ ግን ያው ባስ ነው፣ በፊደል ስንጽፈውም ያው ባስ ነው። ሁለቱም ደግሞ በእንግሊዝኛም በአማርኛም "ይያዛሉ"። ሕጉን አንብቤ የለ? በስፕሪንግ ይህ ዓሣ የሚራባበት ጊዜ ስለሆነ ይዞ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነው።

ጋሽ ተሰማ ደረታቸውን ነፋ አድርገው መለሱላት። "የስ! ሁለት ባስ ይዘናል።"

የልጅቷ ፈገግታ ጠፋ። "ሁለት?"

"ሁልጊዜ ሁለት ነው። አንዱ አያደርስም።"

"የት ነው የያዛችኋቸው?"

"አንዱን ዌስተን፣ አንዱን ሰብዌዩ አጠገብ።"

ዌስተንም ያው የሃምበር ወንዝ ዳር ነውና ነገሩ ለእሷ ልክ መጣላት። "ትልልቅ ናቸው?" አለች።

"የመጀመሪያው በጣም ረጅም ነው!" አሉና እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ። "ያ መሃሉ ላይ የሚታጠፈው ዓይነት!"

በዚያ ብርድ አላበኝ። "ጋሼ" አልኳቸው በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ "ዓሣውን ማለቷ ነው። ባስ የሚባል ዓሣ አለ።"

"አንተ!" ብለው አፈጠጡብኝ። "ትናንት መጥተህ ዛሬ እኔን ታርመኛለህ? የዚህ አገር የባስ ሹፌር ሁሉ በስሜ ነው የሚጠራኝ!"

አለቀ፣ አረምኳቸው። መሐላዬም ሽማግሌውም አብረው ውሃ ውስጥ የገቡ መሰለኝ።

"ምን እየተባባላችሁ ነው?" አለች ልጅቷ።

"ስለ ባሱ ነው" አሏት፣ በኩራት።

"ሰር፣ ኩለሩን ልየው።"

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። የጋሽ ተሰማ ፊት ሲቀየር ያየሁት ያኔ ነው። ከተቀመጡበት አልተነሱም። "ትል ነው ያለው" አሉ።

"ትሉን ልየዋ።"

ተነሱ። ክዳኑን ከፈተችው። ትል የሚባል ነገር የለም። በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ዓሦች ተጋድመዋል፤ ጭንቅላት የላቸውም፣ ቆዳ የላቸውም። አነሳቻቸውና አንዱን ከሌላው ጋር አጋጨቻቸው። ኳ! አለ፣ እንደ ማገዶ እንጨት።

ሁልጊዜ ሁለት። ሁልጊዜ ተጸድቶ ታጥቦ። ወይኔ ጋሽ ተሰማ! ያ ሁሉ ዓሣ ለካ የሱቅ ኖሯል!

"ሰር" አለች፣ "ይሄ ዓሣ በረዶ ነው።"

"ውሃው ቀዝቃዛ ነው" አሉ ጋሽ ተሰማ።

እግዜር ያሳያችሁ። ሳቄ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፤ እንደሚያስለው ሰው በክንዴ አፌን ሸፍኜ ወደ ውሃው ዞርኩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። "ሁለት ባስ ይዣለሁ ብለውኛል። ኩለሩ ውስጥ ሁለት ዓሣ አለ። ጭንቅላትና ቆዳ ስለሌለው ምን ዓሣ እንደሆነ መለየት አልችልም። ቀደም ብለው ይዘው ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠውት ከነበረም ያው ክልክል ነው። ክስ እጽፋለሁ፣ ዕቃችሁንም እወስዳለሁ። ከሱቅ የተገዛ ከሆነ ግን ምንም ችግር የለም። ይንገሩኝ፣ የተያዘ ነው ወይስ የተገዛ?"

ከዚህ የቀለለ ጥያቄ አለ? "የተገዛ" ቢሉ ሰላም ብለን ቤታችን እንገባለን። ጋሽ ተሰማ ዓሣውን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ። በእንግሊዝኛ "ተገዛ" ቦት ነው፣ "ተያዘ" ኮት ነው፤ መድረሻቸው አንድ ነው። ጋሽ ተሰማ መድረሻዋን ብቻ አወጧት።

"...ኦት" አሉ።

"ይቅርታ፣ አልሰማሁም?"

"...ኦት።"

ሳቄ ያን ጊዜ ሞተ። ስንት ክረምት የሰው ቧንቧ ሲጠግኑ የኖሩ ትልቅ ሰው አንዲት ፊደል ከፊቷ ማስቀመጥ አቅቷቸው ከአንዲት ወጣት ፊት ቆመዋል፤ ያቃታቸው ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው፣ እኔ ስላለሁ። "ተያዘ" ካሉ ክስ ነው፤ ወሬው በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። "ተገዛ" ካሉ ደግሞ እኔ ገመናቸውን አይቻለሁ። ሰው ገመናውን ላየበት ሰው ቤቱን አይከፍትም፣ ልጁንማ ጭራሽ። እስቲ አስቡት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስህተት ስለቅም ኖሬ፣ ከስህተት ሁሉ ትልቁ ከነማስረጃው በላስቲክ ተጠቅልሎ ፊቴ ተቀምጧል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

"እኔ ነኝ የገዛሁት" አልኳት።

ሁለቱም ዞሩ።

"እኚህ የማገባት ልጅ አባት ናቸው። ማጥመድ አልችልም። እንዳይነቃብኝ ከሱቅ ገዝቼ ሳያዩ ኩለራቸው ውስጥ ደበቅሁት። ባስ ያሉሽ ደግሞ አውቶቡስ ነው፤ በሁለት አውቶቡስ ነው የመጣነው። መንገዱን ሁሉ ስለ አውቶቡስ ስነዘንዛቸው ስለነበር ነው የተምታታው።"

"አውቶቡስ..." አለች ልጅቷ። ዓይኗ ወደ ጋሽ ተሰማ ሄደ። "መሃሉ ላይ የሚታጠፈው..." ከዚያ ወዲያ አልቻለችም፤ ጀርባዋን ሰጥታን ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስትረጋጋ ኩለሩን ራሷ ዘጋችና "መልካም ዕድል" ብላኝ ሄደች።

ምስጋና ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። ጋሽ ተሰማ ግን ነፍሳቸው እንደተመለሰች፣ ልጅቷ ገና ሳትርቅ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በእንግሊዝኛ ጀመሩኝ። "ሼም ኦን ዩ!" ቀጥለው በአማርኛ፦ "ዓሣ ገዝቶ ያዝኩ? እኔ ኩለር ውስጥ? እኔን ተሰማን ልታታልል?" ቁጣቸው እውነት ከመምሰሉ የተነሳ ለአፍታ እኔም የገዛሁት እኔ መሰለኝ። በሁለቱም ባስ ውስጥ መስኮት መስኮቱን እያዩ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱልኝ ቤት ደረስን።

"ዓሣውስ?" አሉ እትዬ ወይንሸት።

"ዓሣው አለ። ያጠመደው ግን ይሄ ልጅ ነው፣ ከሱቅ!" አሉና ተቀምጠው ይተርኩት ጀመር። ሲተርኩት አንዷ ተቆጣጣሪ ሁለት ሆነች፣ ቀጥላ ጀልባ ጨመረች። "ጀልባ አልነበረም" ሊል ምላሴ በላኝ፤ ነከስኩት። ቤዛ ፊቷ ቀልቶ እጄን ጎትታ ኮሪደሩ ላይ አወጣችኝ።

"ሪሊ? ዋሽተሃል?"

"ዋሽቻለሁ" አልኳት። ላታገባኝ እንደምትችል እያወቅኩ የተናገርኩት እውነት ነበር።

አየችኝና ግድግዳውን ተደግፋ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። "ያን ሱቅ አውቀዋለሁ እኮ! እማዬም ታውቀዋለች። ዓሣው የጨው ባሕር ዓሣ ነው፣ ከዚህ ውሃ አይወጣም። ድስት ውስጥ የጨመረ ሰው አያውቅም?"

"ታዲያ ለምን አትነግሯቸውም?"

"ሪታየር ያደረገ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ባዶ እጁን ሲመለስ ፊቱን ብታየው እንደዚህ አትጠይቀኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ዓሣ ይዞ መጣ። ደስ አለው። ማን ይጠይቀዋል?" ሳቋ ቆመ። "አሁን ግን ምን እናድርግ? ውሸታም ነው ብሎ አወራ። ለውሸታም እንዴት ልጁን ይሰጣል?"

ያን አላሰብኩበትም ነበር። እሳቸውም ያሰቡበት አይመስለኝም።

እስከ ፋሲካ ድረስ መሳቂያ ሆኜ ከረምኩ። ብሉር ምግብ ቤት ስገባ ያቺው ባለቤት፣ ጥብሷን ያረምኩባት፣ ከጓዳ ብቅ ብላ "ዓሣ ላምጣልህ? የተያዘ ነው የምትፈልገው የተገዛ?" አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ "ዓሣ ገዢው" ሲሉኝ እሰማ ነበር። ማረም እችል ነበር። አንድ ቃል ነው እኮ! እያረርኩ፣ እየበገንኩ ዋጥኩት። መዋጥ ያልለመደ ሆድ እንዴት እንደሚያም አትጠይቁኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹን ላክሁ። እኔ እንደ ወጉ አልገባም፤ አፓርትመንቱ ሥር መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ። ቤዛ ከጓዳ ሆና ስልኳን ክፍት አድርጋልኛለች። ሽማግሌዎቹ ቁጭ በሉ ሲባሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆመው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሱም የዓሣውን ወሬ ሰምቷል።

"ልጁን አውቀዋለሁ" አሉ ጋሽ ተሰማ። "ዓሣ ማጥመድ አይችልም። ይዋሻል። ለመንግሥት ሠራተኛ ሲዋሽ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እስካሁንም ውሸቱን አላፈረሰም" ብለው ቀጠሉ። "አገር ሲስቅበት ከርሞ አንድ ቀን እንኳ ለልጄ 'እንዲህ እኮ ነው' አላለም። ጠብቄ ነበር፤ አላለም።"

"ምኑን ነው ያላለው?" አለ ጉሮሮውን የጠረገው ሽማግሌ።

እትዬ ወይንሸት "ተሰማ፣ ተወው" ሲሉ በቀስታ ሰማሁ።

"አልተወውም። ዓሣውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሁልጊዜም የምገዛው እኔ ነኝ። ተቀመጡ።"

ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ መሪውን ተደግፌ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እናንተ፣ እንደ እኔ ስህተት ሲያዩ ምላሳቸው የሚያሳክካቸው ሰዎች፣ ስሙኝማ። እውነት ይደበቅ እያልኳችሁ አይደለም፤ ቢሮዬ ዛሬም ስህተት እለቅማለሁ፣ ጎበዝ ነኝ። ግን ያን ቃል ውሃው ዳር እኔ ብናገረው ኖሮ አንድ አባት አዋርጄ እገባ ነበር። እሳቸው ቤታቸው፣ ሚስታቸው ፊት፣ በገዛ አፋቸው ሲናገሩት ግን ልጃቸውን ሰጡኝ።